«ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ይሄን ጩኸት አስረዳኝ!»

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሄቪ ሜታል ነው። አዎ፣ ያ አንዳንዱ «የእብድ ሙዚቃ»፣ ሌላው ደግሞ አማትቦ «የሰይጣን ዘፈን» የሚለው። እኔ የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ነኝ። ወዳጅ ስል ደግሞ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ የምሰማ፣ አዲስ ሊወጣ ነው ሲባል ቀን የምቆጥር ዓይነት።

መቼም በከተማችን እንደኔ ያለ ሰው ኑሮው ቀላል አይደለም። ታክሲ ውስጥ ከኤርፎንህ ትንሽ ድምፅ ካመለጠ አጠገብህ ያለው ሰው ፈንጠር ይላል። የራስ ቅል ያለበትን ጥቁር ቲሸርትህን እናትህ አጥባ ስታሰጣው ጎረቤት እንዳያይ ገልብጣ ነው። ሠርግ ላይ ዲጄው «ምን ልክፈትልህ?» ብሎ ጠይቆህ መልስህን ሲሰማ የሚስቀውን ሳቅ እንተወው። ይሄ ሁሉ ይቻላል። ነገሩ የሚከረው የትዳር ጉዳይ ሲመጣ ነው።

እንዲህ ሆነላችሁ። ከእጮኛዬ ጋር ሦስት ዓመት ከቆየን በኋላ ሽማግሌ ለመላክ ተዘጋጀሁ። እሷን ያሳደጓት አጎቷ ናቸው፤ አባቷ ያረፉት በልጅነቷ ነው። አጎትየው እንደ አገራችን ወግ «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ሰፈሬን አስጠየቁ። የመጣላቸው መልስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሥራ አለው፣ አይጠጣም፣ ሰው ያከብራል። ማታ ማታ ግን የሰይጣን ዘፈን ይሰማል።»

በቃ! እጮኛዬ ደወለች። «ሦስት ዓመት ዝም ያልኩህ ማዳመጫ ጆሮህ ላይ ስለምታደርግ ነው» አለችኝ። «አሁን ግን አጎቴን ምን ልበላቸው? እኔ ራሴ አላውቀውም እኮ! ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ይሄን ጩኸት አስረዳኝ!»

ተስማማን። አምስት ቅዳሜ፣ አምስት አልበም። እሷ የፈለገችውን ትጠይቃለች፣ እኔ አልዋሽም። ምርጦቼን ለእናንተም እነሆ። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

አንደኛው ቅዳሜ፦ ጣቱን ያጣው ጊታሪስት

የጀመርኩት በብላክ ሳባዝ ነው፤ «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» በተባለው የ1971 አልበማቸው። ከዘፈኑ በፊት ግን ታሪኩን ነገርኳት።

በእንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ፣ ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ1965 ሥራውን በሚለቅበት የመጨረሻ ቀን ማሽኑ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ልጁ ግራኝ ነው፤ የጊታሩን አውታር የሚጫንበት እጁ ያ ቀኙ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሳለ አለቃው የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው። ጃንጎ እጁ በእሳት ተጎድቶ በሁለት ጣት አውታር እየተጫነ ዓለምን ያስደነቀ ጊታሪስት ነው። አዮሚ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፍ ሠራ፣ ቆዳ ለጠፈበት፣ ቀጫጭን አውታር ገጠመ። በኋላ ደግሞ ጣቱን እንዳያደክመው አውታሩን አላላው፤ ድምፁ ወፍሮ ወረደ። በዚህ አልበም በብዙዎቹ ዘፈኖች ላይ የምትሰሙት ያ ከባድ ድምፅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሜታል ሁሉ ከዚያ ምንጭ ቀድቷል።

ዘፈኑ ተጀመረ። «ለምን እንዲህ እዝዝ ይላል? ተበላሽቶ ነው?» አለች። ሆን ተብሎ ነው አልኳት፤ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጫን ድምፁ ይሻክራል። «በገና እንኳ በአውታሩ ሥር የምትገባ ቁራጭ ቆዳ አለችው አይደል? ያን የሚንቀጠቀጥ ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት።»

«በገናን ከዚህ ጋር እንዳታነጻጽር!» አለች ኮስተር ብላ።

አላነጻጸርኩም። አንዱ ለጸሎት ነው፣ ሌላው ለጆሮ። ያልኳት፣ ሰው ድምፅን ማሻከር ጥንትም ያውቅበታል ነው።

«የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ምንድነው?» አለች። እንዳልዋሽ ቃል ገብቻለሁ። «የሀሺሽ ውዳሴ ነው» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «ሁለተኛውስ?»

«ስለ እግዚአብሔር።»

ከት ብላ ሳቀች። እውነቴን እኮ ነው! ሁለተኛው «አፍተር ፎርኤቨር» ይባላል። ግጥሙን የጻፈው የባስ ጊታሪስቱ ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገ ሰው ነው፤ ዘፈኑም በእምነት የሚያፌዙትን የሚሞግት ነው። አንገታቸው ላይ ያጠለቁትን መስቀል የሠራላቸውም የዘፋኙ የኦዚ ኦዝበርን አባት ነው። እሷም «ታዲያ ሰይጣኑ የት አለ?» አለችኝ። «ቆይ፣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው» አልኳት።

ሁለተኛው ቅዳሜ፦ ቁጥሩ 666

አይረን ሜይደን፣ «ዘ ነምበር ኦፍ ዘ ቢስት»፣ 1982። የሽፋኑን ሥዕል ስታይ «ይሄማ አለቀለት» አለች። ብቻዋን አይደለችም፤ በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሸክላውን ሰብስበው ያቃጠሉ ነበሩ።

ዘፈኑ ሲጀምር አንድ ወፍራም ድምፅ ያነባል። እጮኛዬ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት፤ ትርጉሙን ስነግራት ወዲያው «ይሄማ ራእየ ዮሐንስ ነው፣ ምዕራፍ 13» አለችኝ። ነው። የባንዱ መሥራች ስቲቭ ሃሪስ አስፈሪ ፊልም አይቶ ያደረ ለሊት ያየውን ቅዠት ነው ዘፈን ያደረገው። ሰውየው ስለ አውሬው ዘፈነ እንጂ ለአውሬው አልሰገደም።

እኔ ግን ከዚህ ባንድ አብልጬ የምወደው የ1984ቱን «ፓወርስሌቭ» ነው። መዝጊያው ዘፈን ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ የእንግሊዙ ገጣሚ ኮልሪጅ በ1798 ያሳተመውን የአንድ አሮጌ መርከበኛ ታሪክ ነው የሚተርከው። ዘፋኙ ብሩስ ዲከንሰን ደግሞ ፈቃድ ያለው አብራሪ ነው። በ2008 ባንዱንና ዕቃውን በቦይንግ 757 ጭኖ ራሱ እያበረረ ከአገር አገር አዞረ። በ2015 የምላስ ካንሰር ታክሞ ድኖ ወደ መድረክ ተመልሷል። «አብራሪ ነው?» አለችኝ እጮኛዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት።

ሦስተኛው ቅዳሜ፦ ጌታና አሻንጉሊት

ሜታሊካ፣ «ማስተር ኦፍ ፐፔትስ»፣ መጋቢት 1986። ይሄን አልበም ሳስበው የሚከፋኝ ነገር ስላለ አዘግይቼ ነው የከፈትኩት።

የርዕሱ ዘፈን የሚናገረው ስለ ሱስ ነው። የሚናገረውም ሱሱ ራሱ ነው፤ ሰውየውን እንደ አሻንጉሊት በክር እየጎተተ ያጫውተዋል። አብሮ አደግ ጓደኛዬ ነው ይሄን ዘፈን ያስለመደኝ። ከአሜሪካ የመጣ የአክስቱ ልጅ ረስቶት የሄደው ሲዲ ነበር፤ እኔና እሱ እስኪጫጫር ድረስ ሰማነው። በኋላ ያ ጓደኛዬ ራሱ ክሩ ውስጥ ገባ። በጫት ተጀመረ፣ ወደ ሌላ አለፈ፣ ሥራው ሄደ፣ የቤቱ ዕቃ ሄደ። ዘፈኑ አዳነው ብላችሁ ውሸት ይሆናል። ያዳኑት እናቱ፣ ሐኪምና ጠበል ናቸው። ግን አንድ ቀን ሆስፒታል ልጠይቀው ስሄድ «ያን ዘፈን ስንት ጊዜ ሰማነው? ስለ እኔ መሆኑን አላወቅኩም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ያን ዘፈን እንደ ጩኸት መስማት አቃተኝ።

አልበሙ በወጣ በሰባተኛው ወር፣ መስከረም 27 ቀን 1986፣ የባንዱ አውቶቡስ ስዊድን ውስጥ ተገልብጦ የባስ ጊታሪስቱ ክሊፍ በርተን ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለታሪክ ከሚያስቀምጣቸው ቅጂዎች መካከል በሜታል በኩል የመጀመሪያው ሆኖ የገባው ይሄው አልበም ነው። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ በ2022 «ስትሬንጀር ቲንግስ» ተከታታይ ፊልም ላይ ሰምተውት እንደ አዲስ ወደዱት። እጮኛዬ ያን ቀን ምንም አልጠየቀችኝም። «ጓደኛህን ሰላም በልልኝ» ብቻ አለችኝ።

አራተኛው ቅዳሜ፦ ከበሮ ያለው ሜታል

ሴፑልቱራ፣ «ሩትስ»፣ 1996። ሜታል የፈረንጅ ብቻ ነው ለሚል ሰው መድኃኒቱ ይሄ ነው። ልጆቹ ብራዚላውያን ናቸው። ለዚህ አልበም ብለው ሻቫንቴ ወደሚባለው የአገራቸው ነባር ሕዝብ መንደር ሄደው አብረው ቀረጹ፤ የባሂያው ከበሮ መቺ ካርሊኞስ ብራውንም ገባበት። ከበሮው ሲመታ እጮኛዬ ትከሻዋ ሊንቀሳቀስ ሲል አየሁት። «እንዳታስበው!» አለችኝ፤ እኔ ግን አስቤዋለሁ።

አምስተኛው ቅዳሜ፦ የአርመኖቹ ልጆች

ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን፣ «ቶክሲሲቲ»፣ መስከረም 4 ቀን 2001። የመስከረም 11 አደጋ በደረሰበት ሳምንት የአሜሪካ ቁጥር 1 አልበም ነበር። አራቱም አርመናውያን ናቸው። የዘፋኙ የሰርጅ ታንኪያን አያቶች ከ1915ቱ ጭፍጨፋ የተረፉ ናቸው፤ ባንዱም ያን እልቂት ዓለም እንዲያውቀው ሳይታክት ጮኋል።

አርመን ስል እጮኛዬ «እንደ አርባ ልጆች?» አለች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! አዎ፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው 40 ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከዚያው እልቂት የተረፉ ናቸው። በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱን የሙዚቃ ጓድ የመሠረቱት እነሱ ናቸው። የእኛ ዘመናዊ ሙዚቃ ያጎረሰው እጅና ሎስ አንጀለስ ላይ የሚጮኸው ጉሮሮ የአንድ ሐዘን ዘመዶች ናቸው ማለት ነው። ይሄን አልበም ስልኳ ላይ ጭኛት ሄድኩ።

አጎትየው ምን አሉ?

ስድስተኛው ቅዳሜ የእሳቸው ሆነ። ቤታቸው ጠሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብረት ቤት የሠሩ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተዋል። ቡና ተፈላ፣ ዝም ተባባልን። በመጨረሻ «እስቲ ንገረኝ፣ ልጄ» አሉኝ። የአዮሚን ጣት ታሪክ ነገርኳቸው።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የትኞቹን ጣቶች ነው?» አሉኝ። «የመካከለኛውንና የቀለበቱን።» «ፕላስቲኩን በምን አለሰለሰው?» «አቅልጦ፣ በጋለ ብረት አስተካክሎ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማሽን የበላው ጣት አይመለስም። ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ ልጅ ነበረ፤ አውራ ጣቱን አጥቶ ከዚያ በኋላ መዶሻ አልጨበጠም። ያንተው ሰው ጎበዝ ነው።»

ወዲያው ግን ዋናውን ጥያቄ አመጡት። «ይሄን ዘፈን ሰምተው ራሳቸውን ያጠፉ ልጆች አሉ ይባላል። እውነት ነው?»

የሰሙት ነገር መሠረት አለው። በ1985 በአሜሪካ ኔቫዳ ሁለት ወጣቶች ራሳቸው ላይ ተኮሱ፤ አንዱ ወዲያው፣ ሌላው ከዓመታት በኋላ ሞተ። ቤተሰቦቻቸው «የጁዳስ ፕሪስት ሸክላ ውስጥ የተደበቀ መልእክት አለ» ብለው ባንዱን ከሰሱ። በ1990 ዳኛው ክሱን ውድቅ አደረጉት። ይሄን ነገርኳቸውና «ጋሼ፣ ሙዚቃው አይገድልም። ግን በሩን ዘግቶ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ልጅ ካለ፣ የሚያንኳኳለት ሰው ያስፈልገዋል። ጓደኛዬን ያተረፉት ያንኳኩ ሰዎች ናቸው» አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠየቁኝ። አንድ፣ በሕማማት እንዳልከፍት። ሁለት፣ ልጅ ሲወለድ ልጁ በተኛበት ቤት እንዳይጮህ። ሁለቱንም እሺ አልኩ። «ጩኸቱ ግን ጩኸት ነው» አሉ ሲሸኙኝ። ሽማግሌዎቹ ሄደዋል፣ ቀጠሮም ተቆርጦልናል።

የምጠብቃቸው

የሜታል ወዳጅ መጠበቅ ያውቅበታል። ቱል የተባለው ባንድ ከ2006 አልበሙ በኋላ ቀጣዩን ያወጣው በ2019 ነው። 13 ዓመት! ልጅ ተወልዶ ሰባተኛ ክፍል ይደርሳል። ሜታሊካም ከ2016 እስከ 2023 አስጠብቆን ነው «72 ሲዝንስ»ን የሰጠን።

ከሁሉም በላይ ልቤ የተንጠለጠለው ሲስተም ኦፍ ኤ ዳውን ላይ ነው። በ2005 ሁለት አልበም አከታትለው ካወጡ ወዲህ የሰጡን በ2020፣ በአርመንና አዘርባጃን ጦርነት ጊዜ፣ ሁለት ዘፈን ብቻ ነው። ገቢውም ለተጎዱት ወገኖቻቸው ሄደ። አባላቱ በአዲስ ሥራ መስማማት እንዳቃታቸው ራሳቸው ተናግረዋል። እኔ ግን እጠብቃለሁ።

ሁለተኛ ጎጂራ። ፈረንሳዮቹ ሐምሌ 26 ቀን 2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ መክፈቻ ላይ በአሮጌው እስር ቤት ግንብ መስኮቶች ቆመው ሲጫወቱ ያየ ሰው አይረሳውም። ከ2021ዱ «ፎርቲቲውድ» ቀጥሎ የሚያመጡትን ነው የምጠብቀው።

ሜጋዴዝ ደግሞ በ2025 ነሐሴ ላይ ለ2026 ያዘጋጁት አልበም የመጨረሻቸው እንደሚሆን አስታወቁ። መሪው ዴቭ መስቴይን በ1983 ከሜታሊካ ተባሮ በአውቶቡስ አሜሪካን አቋርጦ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ነው፤ ሜጋዴዝን በዚያ ቁጭት መሠረተ። በመሰናበቻው አልበም ላይ ያኔ ከሜታሊካ ጋር አብሮ የደረሰውን «ራይድ ዘ ላይትኒንግ»ን እንደገና ተጫወተው። ከ40 ዓመት በኋላ ዕርቅ እንደማለት ነው።

የማይጠበቅም አለ። ኦዚ ኦዝበርን ሐምሌ 5 ቀን 2025 ባደገባት በርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም፣ መቆም አቅቶት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ከድሮ ባልደረቦቹ ጋር ተሰናበተ። በ17ኛው ቀን አረፈ። 76 ዓመቱ ነበር። ያን ቀን ማዳመጫዬን ሳላደርግ ነው የሰማሁት፤ ጎረቤትም ዝም አለኝ።

ከአገር ቤትስ? ጃኖ ባንድ በ2012 ያወጣውን «ኤርታሌ» ያላችሁ መልሳችሁ ስሙት። ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል በ1986 የሞተርሄድንም አልበም የሠራ ሰው ነው። የዚያን አልበም ስም በዚህ ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም፤ እጮኛዬ ታነበዋለች። ማሲንቆና ክራር የሚያውቅ ጆሮ ይዞ ከዚያም የከበደ ጊታር የሚያመጣ ያገሬ ልጅ ቢነሳ ደግሞ የመጀመሪያው ገዥ እኔ ነኝ።

ምክር ቢጤ

ቤታችሁ ውስጥ የዚህ ሙዚቃ ወዳጅ ካለ፣ ከመገሠጻችሁ በፊት አንድ ዘፈን አብራችሁት ስሙ። «ስለ ምንድነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ስለ ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን ስለ ልጁም ይነግራችኋል። ከሰው ከሸሸ፣ እንቅልፍና ምግብ ካስጠላው ግን ነገሩ የዘፈን ስላልሆነ ሐኪም አማክሩ።

ወዳጆቼ የሜታል ልጆች፣ ጆሯችሁን አደራ! የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው 80 ዴሲቤል ከሆነ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ማዳመጫውን ስታወልቁ ጆሯችሁ ጭው የሚል ከሆነ አብዝታችኋል ማለት ነው። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ ያ የሚጠበቀው አልበም ሲመጣ አይሰማም።

ፍቅረኛችሁን በዚህ ሙዚቃ ማስጨነቅም አያስፈልግም። በሜታሊካ የ1991 አልበም ላይ ባለው «ናቲንግ ኤልስ ማተርስ» ጀምሩ፤ ለስለስ ያለ ነው። ካልወደደችው ተዉት። የእኔዋ ከአምስቱ አልበሞች የወደደችው አንዱን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ግን አሁን ለሚጠይቃት ሰው ታስረዳለች። ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።

ሳምንት ሰው ይበለን፤ ቸር ሰንብቱ!